«ቅባት»፦ የአንድ ቃል ትርጉምና አገልግሎት

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው «ቅባት» የሚለውን ቃል ነው። ቃሉ ከአፋችን የማይለይ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ሳናጤነው እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ ከማጀት እስከ ቤተ መቅደስ፣ ከወጌሻ እጅ እስከ ዙፋን የዘለቀ ታሪክ አለው።

ሥሩ የግእዙ «ቀብአ» ነው። ከዚህ የሚወጣው «ቅብእ» የሚቀባውን ነገር ሁሉ፣ ዘይቱንም ቅቤውንም ያጠቃልላል። «ቅቤ» የምንለውም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። ትግርኛ ዘይትን «ቅብኢ» ሲል፣ እኛም በገበያ «ቅባኑግ» ስንል የግእዙን አነጋገር ሳናውቀው ጠብቀነው እንገኛለን። «ቅብዐ ቅዱስ» ተብሎ በዐይኑ «ዐ» የሚጻፈው ግን ከሥሩ የራቀ ነው፤ የሚገባው አልፋው «አ» ነው።

የቃሉ ቀዳሚ አገልግሎት ፈውስ ነው። ወጌሻው ወለምታ የሚያሸው በቅቤ ነው፤ እናት ራሱን ላመመው ልጇ አናቱ ላይ የምታደርገውም ቅቤ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ከሰባቱ ምስጢራት አንዱን፣ ምስጢረ ቀንዲልን፣ ለሕሙማን መድባለች፤ ካህኑ ጸሎት የተደረሰበትን ዘይት በሽተኛውን ይቀባዋል። ሜሮን ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ የተጠመቀው ሰው የሚታተምበት ነው።

ከፈውስ ቀጥሎ የሥልጣን ትርጉም ይመጣል። ንጉሥ የሚነግሠው ተቀብቶ ነው። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 4 የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ ያደረገው ከዘር ሐረጋቸው ጋር መቀባታቸውን ምክንያት አድርጎ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡም ሕገ መንግሥቱም አብረው ወረዱ።

ቃሉ የክርክርም ስም ሆኗል። ከ17ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ «ሥጋ በቅባት ከበረ» ያሉት ወገኖች «ቅባቶች» ሲባሉ፣ ተዋሕዶዎች «በተዋሕዶ ከበረ» ብለው ተከራከሯቸው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሰበሰቡት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ለተዋሕዶ ፈረደ፤ ነገሩም በዐዋጅ ተዘጋ። የቅባት ወገኖች ግን ዛሬም በጎጃም አሉ። የመፈወሻው ስም የመለያያ ስም ሆኖ መቅረቱ ሊያሳስበን ይገባል።

አማርኛ ከዚሁ ግስ «ቀባባ» የሚል ድርብ ቃል አውጥቷል። «ነገሩን ቀባብቶ አለፈው» ስንል ጥፋቱን ሳያጋልጥ ሸፈነው ማለታችን ነው። እንግዲህ ቋንቋችን ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋል። ወጌሻ የሚቀባው የተጎዳውን ቦታ በእጁ ዳሶ፣ ሕመሙን ከሥሩ አግኝቶ ነው፤ የሚቀባባው ግን ቁስሉን ላለማየት ሲል ላዩን ያሳምራል።

ስለ አገራችን ቁስል ከሩቅ የምንጽፍ ሰዎችም ይህ ልዩነት ይመለከተናል። ዕርቅ የሚለው ቃል በየጉባኤያችንና በየመግለጫችን ተደጋግሞ ይነሣል። ከዚያ በፊት ግን ማን እንደ ተጎዳ፣ ማን እንደ ጎዳ፣ ሕመሙ የት እንዳለ ተለይቶ መነገር አለበት። ያለዚያ የምናቀርበው ጽሑፍ ምንም ያህል ምሁራዊ ቢሆን መቀባባት እንጂ መቀባት አይሆንም።