ሁሉም በየስሙ፣ በፊደሉ የሚገባበት ኮምፒውተር

ኩዌት፣ ሹዌኽ ውስጥ ለጋራዥና ለመጋዘን ሠራተኞች በተከራዩ ቤቶች አንድ ዴስክቶፕ ለአራት ለአምስት ሰው ሲያገለግል ታያላችሁ። አብዛኛው ከሐዋሊ ወይም ከሱቅ አል ጁምዓ የተገዛ ያገለገለ ማሽን ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እነዚህን አሮጌ ማሽኖች አይቀበልም። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ሊኑክስ ሚንት እጭናለሁ፤ በነፃ የሚገኝ ነው፣ አሮጌ ኮምፒውተርም አያስጨንቅም።

ዛሬ የማወራው ግን ስለ መግቢያው ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ስምና ፓስወርድ ስለሚጠይቀው ገጽ። ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ያየዋል። እኔ ግን የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ስም የሚገባበትን ኮምፒውተር አልወድም። የአንዱ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ስካን፣ የሌላው የሐዋላ ደረሰኝ፣ የሦስተኛው የልጆቹ ፎቶ አንድ ላይ ተዘርግቶ ይውላል። ሰው ከሀገሩ ርቆ፣ ክፍል ተጋርቶ ሲኖር የራሴ የሚለው ጥግ ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ «ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ» ውስጥ ገብታችሁ ለእያንዳንዱ ሰው አካውንት ክፈቱ። ዩዘርኔሙ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ይሁን። ሙሉ ስም በሚለው ቦታ ላይ ግን በአማርኛ ጻፉ፤ መግቢያው ላይ የሚታየው እሱ ነው። በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ የግዕዝ ፎንት የለም ማለት ነው፤ «አቢሲኒካ ሲል» የተባለውን ከሶፍትዌር ማናጀር ጫኑ። ስሙን በራሱ ፊደል ተጽፎ ሲያይ ሰው ፊቱ ይበራል።

ቀጥሎ ከሜኑ «ሎጊን ዊንዶው» የሚለውን ክፈቱ። የጀርባ ፎቶ የሚቀየረው እዚያ ነው። ፎቶውን ግን ከራሳችሁ «ፒክቸርስ» ፎልደር አትምረጡት። መግቢያውን የሚያሳየው ፕሮግራም ማንም ሳይገባ፣ በራሱ ስም የሚሠራ ስለሆነ የእናንተን ፎልደር ከፍቶ ማየት አይፈቀድለትም፤ ፎቶው ሳይታይ ይቀራል። የሲስተሙ ፎቶዎች ወዳሉበት «ባክግራውንድስ» ፎልደር በአድሚን ፈቃድ ገልብጡትና ከዚያ ምረጡት። የላሊበላ ወይም የጣና ፎቶ በቴሌግራም የሚልክላችሁ ካለ «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ይጨምቀውና ትልቅ ስክሪን ላይ ይደበዝዛል።

እዚያው «ድሮው ዩዘር ባክግራውንድስ» የሚል ማብሪያ አለ። ከበራ መግቢያው ላይ የአንዱን ስም ስትመርጡ የእሱ የጀርባ ፎቶ ይመጣል፤ ሌላውን ስትመርጡ የሌላው። ለጋራ ቤት ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም።

አሁን ሰውን በጣም የሚያንገላታው ነገር። እዚህ አገር የሚሸጡት ኪቦርዶች ላይ ዓረብኛ ፊደል ታትሟል፤ ሚንት ሲጫን ዓረብኛ የተመረጠ ከሆነ መግቢያው ላይም ዓረብኛ ሊመጣ ይችላል። የምትጽፉት በነጥብ ስለሚሸፈን አይታያችሁም፤ ትክክለኛውን ፓስወርድ እየጻፋችሁ «ስህተት ነው» ይላችኋል። ፓስወርድ ጠፋኝ ብላችሁ ኮምፒውተሩን ከማስፎርማታችሁ በፊት ከላይ ያለችውን የኪቦርድ ምልክት እዩ፤ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩና ድጋሚ ሞክሩ። ፓስወርዱንም በአማርኛ አታድርጉት። «አይባስ» በተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም የምንጽፈው አማርኛ የሚሠራው ከገባን በኋላ ነው፤ መግቢያው ላይ አይገኝም።

መግቢያው ላይ የሚታየው ሰዓት አያስቸግርም፤ ኩዌትና ኢትዮጵያ አንድ የሰዓት ክልል ላይ ናቸው። አውቶማቲክ ሎጊንን ግን አጥፉ፤ ይህን ሁሉ የደከማችሁበትን ከንቱ ያደርገዋል። ዓርብ ዓርብ እንግዳ የሚበዛበት ቤት ከሆነ «ጌስት ሴሽን» የሚለውን ፍቀዱ። እንግዳው ያለ ፓስወርድ ይገባል፣ ሲወጣ የነካካው ሁሉ ይሰረዛል፤ የማንም ፋይል አይከፈትለትም።

ስትነካኩ መግቢያው ቢበላሽ አትደንግጡ፤ ፋይላችሁ አልጠፋም። ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ 2 አንድ ላይ ስትጫኑ ጥቁር የጽሑፍ ገጽ ይመጣል፤ በዩዘርኔማችሁና በፓስወርዳችሁ ግቡ። «ኢቲሲ» ውስጥ «ላይትዲኤም» በሚለው ፎልደር ያለውን የ«ስሊክ ግሪተር» ኮንፊግ ፋይል ስሙን ቀይሩና ሪስታርት አድርጉ፤ መግቢያው ሲጫን ወደነበረበት መልክ ይመለሳል። ያ ካልሠራ የስክሪኑን ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ ከሥራ ስወጣ እያየሁ እመልሳለሁ።