ሁሉም መሪ ሲሆን የሹሙ ድርሻ ምንድን ነው?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ያገራችን ሰው። መሪነትንስ እንደ ሎሚው መካፈል ይቻላልን? ከተቻለስ ሹመቱን የያዘው ሰው ምን ሥራ ይቀረዋል? ይህ ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱና በየተማሪዎች ማኅበር ዘወትር የሚነሣ ስለ ሆነ፣ መልሱን ከአንድ ታላቅ ሥራ ታሪክ እንፈልገው።

በ1945 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1953) አንድ የብሪታንያ ቡድን፣ ከፍታው 8,848 ሜትር የሆነውን የኤቨረስትን ተራራ ለመውጣት ወደ ኔፓል ተጓዘ። ከ350 በላይ ተሸካሚዎች ዕቃውን ይዘው ተከትለውት ነበር። የቡድኑ ሹም ኮሎኔል ጆን ሃንት ይባላል። የተሾመውም በስመ ጥሩው ተራራ ወጪ በኤሪክ ሺፕተን ምትክ ስለ ነበር፣ ሺፕተንን የሚወዱ አንዳንድ አባሎች ሹመቱን በመጀመሪያ በቅሬታ ተቀበሉት።

ሃንት ግን ሁሉን ነገር በእጄ ልያዝ አላለም። የኦክሲጂኑ መሣሪያ ነገር የቶም ቦርዲሎን ነበር። የኩምቡ በረዶ እየተሰነጠቀ በሚናድበት ስፍራ መንገድ ፈላጊዎቹን የመራ ኤድመንድ ሂላሪ ነው። ሎትሴ በተባለው ተራራ ገደል ላይ ደግሞ ብዙ ቀን ፊት ቀድሞ በረዶውን እየፈለፈለ መንገድ ያወጣ ጆርጅ ሎው ነው። ሼርፓዎቹን የሚያዝ የራሳቸው ሰው ቴንዚንግ ኖርጌይ ነበር። እንዲህ መሪነቱ እንደ ቦታውና እንደ ችሎታው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ ነበር። ታዲያ ሹሙ ምን ሠራ?

አንደኛ፣ ቍርጡን ተናገረ። ጫፉን ለመርገጥ የሚመኙት ብዙዎች፣ የሚሄዱት ግን ጥቂቶች ናቸው። ይህን ለጭቅጭቅ መተው ቡድኑን መክፈል ነው። ስለዚህ ሃንት ሚያዝያ 29 ቀን ሰዎቹን ሰብስቦ፣ በመጀመሪያ ቦርዲሎንና ቻርልስ ኤቫንስ፣ ቀጥሎም ሂላሪና ቴንዚንግ እንዲሞክሩ መወሰኑን ነገራቸው።

ሁለተኛ፣ ሥራው ሲደናቀፍ ዕቅዱን ለወጠ። ደቡብ ኮል ወደ ተባለው የተራራ ኮርቻ ጭነት ማድረስ በዘገየ ጊዜ፣ ሂላሪና ቴንዚንግ ጕልበታቸውን ለጫፉ መቈጠብ ሲገባቸው «ወጥተን እናግዝ» ብለው ተነሡ። ሃንትም ፈቀደላቸው። ግንቦት 14 ቀን ጭነቱ ደረሰ።

ሦስተኛ፣ እሱም ተሸከመ። ግንቦት 18 ቀን ከሼርፓው ከዳ ናምግያል ጋራ ለመጨረሻው ሰፈር የሚሆን ድንኳን፣ ምግብና ኦክሲጂን ይዞ 8,300 ሜትር ያህል ወጣና አስቀመጠ። ሂላሪና ባልደረቦቹም ከሁለት ቀን በኋላ ያን ዕቃ አንሥተው ከዚያ ከፍ ባለ ቦታ ሰፈሩ።

በዚያው በግንቦት 18 ቀን ቦርዲሎንና ኤቫንስ ጫፉ 100 ሜትር ያህል ሲቀራቸው ጊዜው ገፋባቸው፤ ኦክሲጂኑም አሠጋቸው። «ቀጥሉ» ወይም «ተመለሱ» የሚላቸው ሹም በአጠገባቸው አልነበረም። ራሳቸው ተመካክረው ተመለሱ፤ ሕይወታቸውም ተረፈ። ግንቦት 21 ቀን ከረፋዱ በ5 ሰዓት ተኩል ሂላሪና ቴንዚንግ ከጫፉ ላይ ቆሙ። ሃንት ራሱ ጫፉን አልረገጠም።

እንግዲህ ሹም በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አንዱ ደብዳቤ ሁሉ በእጁ ካላለፈ ደስ የማይለው ነው፤ እሱ የታመመ ቀን መሥሪያ ቤቱም አብሮት ይታመማል። ሁለተኛው «ሁላችንም አለቆች ነን» ብሎ ሥራውን በትኖ የሚተው ነው። የዚህ ሰው ማኅበር አውራው እንደ ጠፋበት ንብ ይሆናል፤ ስብሰባው ይበዛል፣ ነገር ሲበላሽ ግን የሚጠየቅ አይገኝም።

ስለዚህ የክፍል ሹም ወይም የማኅበር ሊቀ መንበር የሆናችሁ ወጣቶች፣ ለሰው ሥራ ስትሰጡ የመወሰኑን ሥልጣን አብራችሁ ስጡት። ክርክሩ አላልቅ ሲል ቍርጡን ተናገሩ፤ ሥራው ሲበላሽም ከሁሉ በፊት እናንተ ተጠየቁ። በበታችነት የምትሠሩም «አለቃ እስኪመጣ» እያላችሁ በእጃችሁ ያለውን ሥራ አታሳድሩ። የተሰጣችሁን ጠንቅቃችሁ ዕወቁ፣ በእሱም ወስኑ፤ ለወሰናችሁትም ነገር መልስ ይኑራችሁ።