ፋይል ያያዘ ኢሜይል ከትእዛዝ መስመር ስለ መላክ



የዛሬው ርእሳችን ትንሽ ይመስላል። መስኮትና መዳፊት በሌለበት የትእዛዝ ገጽ ላይ በመጻፍ ብቻ ፋይል የተያያዘበትን ኢሜይል እንዴት እንልካለን? በስልካችሁ ሁለት ጊዜ ነክታችሁ የምትፈጽሙት ነገር ስለሆነ «ምን ይረባናል?» ብትሉ አይፈረድባችሁም። ስለዚህ ከጥቅሙ ልጀምር።

አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ እዚህ ሀዋሳ ሆና፣ ሌላ ከተማ በሚገኝ ሰርቨር ላይ የሐይቃችንን የውኃ መጠን ታሰላለች እንበል። ስሌቱ ዐሥር ሰዓት ይፈጃል፤ ውጤቱም ሳይነጋ ለአማካሪዋ መድረስ አለበት። እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ቢጠፋባት ውጤቱን ወደ ላፕቶፗ አውርዳ መላክ አትችልም። ሰርቨሩ ግን በሥራ ላይ ነው። ግንኙነቱ ቢቋረጥም ሥራው እንዳይቆም አድርጋ ካስጀመረችው፣ በመጨረሻውም ላይ «ፋይሉን ላክ» የሚል አንድ መስመር ከጨመረችበት፣ እርሷ ተኝታ ጉዳዩ ይፈጸማል።

ኢሜይል ለእንዲህ ዓይነት መቆራረጥ እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.)፣ ኢንተርኔት አገራችን ሳይገባ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር ፓዲስኔት የሚባል የኢሜይል መረብ ነበረ። መልእክቶች ይጠራቀማሉ፤ የስልክ መስመር ሲገኝ በአንድነት ይተላለፋሉ። ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በ1997 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬም የኢሜይል አሠራር በመሠረቱ ያው ነው፤ መልእክቱ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ይሄዳል፣ መንገዱ ከተዘጋም ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። ብዙ ሰርቨሮች እስከ 5 ቀን ድረስ ደጋግመው ይሞክራሉ።

«ማያያዝ» ስንል ግን ምን ማለታችን ነው? በ1982 (እ.ኤ.አ.) የተደነገገው የመላኪያ ሥርዓት፣ ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ፣ የተሠራው 128 ምልክቶች ብቻ ላሉት የአስኪ ጽሑፍ ነበር። ፎቶግራፍም ሆነ የእኛ ፊደል በዚያ በር አያልፍም። መፍትሔው በ1992 (እ.ኤ.አ.) መጣ፤ ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ ማይም የተባለውን ደንብ አወጡ። በዚህ ደንብ መሠረት አንድ መልእክት በብዙ ክፍል ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ምንነቱን የሚናገር ራስጌ ይኖረዋል። ፋይሉ ደግሞ በቤዝ 64 ወደ ተራ ፊደላት ይለወጣል፤ 3 ባይት የነበረው 4 ፊደል ይሆናል።

ይህ ስሌት እኛን በቀጥታ ይነካናል። በዩ.ቲ.ኤፍ-8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ «ሀ» በመንገድ ላይ 4 የላቲን ምልክት ሆና ትጓዛለች ማለት ነው። ፋይልም እንዲሁ ሲሦ ያህል ይጨምራል። 20 ሜጋባይት የሚመዝን ፋይል ሲላክ ከ26 ሜጋባይት በላይ ይሆናልና፣ መልእክትን በ25 ሜጋባይት የሚገድብ ሰርቨር ይመልሰዋል። ከመላክ በፊት ማመቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

ወደ ትእዛዙ እንምጣ። ማት የተባለው ፕሮግራም ቀላሉ መንገድ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ የፕሮግራሙ ስም፤ ቀጥሎ ሰረዝ ኤስ እና በትእምርተ ጥቅስ የተከበበው ርእስ፤ ቀጥሎ ሰረዝ ኤ እና የፋይሉ ስም፤ ቀጥሎ ብቻቸውን የቆሙ ሁለት ሰረዞች፤ ከዚያ የተቀባዩ አድራሻ፤ በመጨረሻም የ«ያንሳል» ምልክትና የመልእክቱ ቃል ያለበት ፋይል። ሁለቱ ሰረዞች «የሚያያዙት ፋይሎች እዚህ ላይ አበቁ» ይላሉ፤ ከተረሱ ፕሮግራሙ አድራሻውን እንደ ፋይል ይቆጥረዋል። የመጨረሻው ምልክት ከተረሳ ደግሞ ማት ጽሑፍ እንድንጽፍ ገጹን ከፍቶ ይጠብቃል፤ በእኩለ ሌሊት ግን የሚጽፍለት የለም።

«ሜይል» በሚባለው ትእዛዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ ፕሮግራሞች አሉ። በኤስ-ኔይል ትንሹ ኤ ፋይል ያያይዛል። በጂ.ኤን.ዩ ሜይልዩቲልስ ግን ትንሹ ኤ የራስጌ መስመር መጨመሪያ ነው፤ ፋይል የሚያያዘው በትልቁ ኤ ነው። ስለዚህ በአንዱ ሰርቨር የሠራ ትእዛዝ በሌላው ፋይሉን ሳይዝ ሊሄድ ይችላል። አስቀድማችሁ የትእዛዙን መመሪያ አንብቡ፤ ለራሳችሁም አንድ ሙከራ ላኩ።

አሁን ብዙ ሰው የሚስትበት ቦታ ላይ ደረስን። ትእዛዙ ዜሮ መልሶ በሰላም ቢያበቃ «ደረሰ» ማለት አይደለም፤ «ወረፋ ያዘ» ማለት ብቻ ነው። ደብዳቤ ፖስታ ሣጥን ውስጥ መክተትና ባለቤቱ እጅ መግባቱ ይለያያሉ። የወረፋውን ሁኔታ ሜይልኪው በሚለው ትእዛዝ፣ የመጨረሻውን ዕጣ ደግሞ ከሰርቨሩ መዝገብ መመልከት ይቻላል። ከማይታወቅ ማሽን በቀጥታ የሚወጣ መልእክት ብዙውን ጊዜ እንደ አይፈለጌ መልእክት ስለሚቆጠር፣ በተቋማችሁ የኢሜይል ሰርቨር በኩል፣ በበር ቁጥር 587፣ ማንነታችሁን አረጋግጣችሁ ላኩ። የይለፍ ቃላችሁን በትእዛዙ መስመር ላይ አትጻፉ፤ በዚያው ሰርቨር ላይ ያለ ሌላ ተጠቃሚ ሊያየው ይችላል። እናንተ ብቻ በምታነቡት ፋይል ውስጥ ይቀመጥ።

የመጨረሻው ነጥብ ኃላፊነት ነው። ቤዝ 64 ምስጢር አይጠብቅም፤ ማንም ሊፈታው የሚችል የአጻጻፍ ለውጥ ነው። የሕሙማንን ወይም የመጠይቅ ተሳታፊዎችን መረጃ የምትልኩ ከሆነ ፋይሉን አስቀድማችሁ በጂ.ፒ.ጂ አመስጥሩት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኗል። መስኮት ባለው ፕሮግራም ስንሠራ «ላክ» ከማለታችን በፊት አድራሻውን የምናይበት አፍታ አለ። በእኩለ ሌሊት ብቻውን በሚሠራ ትእዛዝ ውስጥ ያ አፍታ የለም፤ ጥንቃቄያችን ሁሉ ትእዛዙን በምንጽፍበት ሰዓት ማለቅ አለበት።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።