ከኩላሊት ራስጌ የተገኘው መድኃኒት

ሐኪም ለልጅ አስም ስቴሮይድ ያለበት ፓፍ ሲያዝ የብዙ ወላጅ ፊት ይለወጣል። ቃሉን የሚያውቁት ጡንቻ ለማሳበጥ ከሚወጉት መርፌ፣ ወይም ቤን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ የ100 ሜትር ወርቁን ከተነጠቀበት ታሪክ ነውና። ሥጋታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን የሁለት ዘመዳሞች ስም ተምታቶባቸዋል።

ስቴሮይድ የአንድ መድኃኒት ሳይሆን የትልቅ ቤተሰብ ስም ነው። አባላቱን የሚያዛምዳቸው እርስ በርስ የተያያዙ አራት የካርቦን ቀለበቶች ናቸው፤ ሰውነታችንም ስቴሮይድ ሆርሞኖቹን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። ስፖርተኛ የሚቀጣበት ከቴስቶስትሮን ወገን ነው። ለአስም የሚታዘዘው ግን ኮርቲኮስቴሮይድ ይባላል። «ኮርቴክስ» በላቲን የዛፍ ቅርፊት ማለት ሲሆን፣ እዚህ የሚያመለክተው ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ የተቀመጡትን የአድሬናል ዕጢዎች የውጭ ክፍል ነው። ኮርቲሶል የሚመነጨው ከዚህ ቅርፊት ነው። ንጋት ላይ ከፍ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ዝቅ ይላል፤ የኮርቲኮስቴሮይድ ኪኒን ጠዋት ይዋጥ የሚባለውም ይህን ዑደት ለመከተል ነው።

ቅርፊቱ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የታወቀው ሲበላሽ በታየው ጉዳት ነው። የለንደኑ ሐኪም ቶማስ አዲሰን እ.ኤ.አ. በ1855 ዕጢዎቹ የተጎዱባቸው ሰዎች እየደከሙ፣ እየከሱ፣ ቆዳቸው እየጠቆረ እንደሚሞቱ ጻፈ። በዚያ ዘመን ዕጢውን በአብዛኛው የሚያፈርሰው ቲቢ ነበር። በ1948 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች፣ ኤድዋርድ ኬንዳል ከዚህ ቅርፊት የለየውን ኮርቲሶን በመገጣጠሚያ ብግነት መንቀሳቀስ ለተሳናት ወጣት ሴት ሰጣት፤ በቀናት ውስጥ ቆማ ሄደች። ሁለቱ ከታዴዎሽ ራይክስታይን ጋር በ1950 ኖቤል ተሸለሙ።

መድኃኒቱ በሽታውን አይነቅልም፤ የሰውነትን ቁጣ ያበርዳል። ይህን እንደ ሥጋ ደዌ የሚያሳይ የለም። ባክቴሪያውን የሚገድሉት ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው፤ ሰውነት ነርቭ ውስጥ የተደበቀውን ተውሳክ ሲዋጋ ግን ነርቩም አብሮ ያብጣል። እጅ ይደነዝዛል፣ ጣት ይታጠፋል፣ ዓይን መክደን ያቅታል። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በጊዜ ከደረሰ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ኮርቲኮስቴሮይድ ነርቩን ሊያተርፍለት ይችላል። በ2020 ደግሞ ዴክሳሜታሶን የተባለው ሌላ ኮርቲኮስቴሮይድ በመተንፈሻ መሣሪያ በሚረዱ የኮቪድ ሕሙማን ላይ ሞትን በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ በብሪታንያ በተካሄደ ጥናት ታየ።

የሚሊግራሙ ቁጥር አያሳስት፤ 0.75 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን የ5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ያህል ጉልበት አለው። ፓፉ ውስጥ ያለው በማይክሮግራም የሚለካ ነው፤ በቀጥታ ሳንባ ስለሚገባም ወደ ቀረው ሰውነት የሚደርሰው ጥቂት ነው። ኪኒኑ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ፊት ያብጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ የደም ስኳር ይጨምራል፣ ዓይን በሞራ ይጋረዳል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ፊት ለማቅላት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀቡት ክሎቤታሶል ነው። ለአጭር ጊዜ ሕክምና የተሠራ እጅግ ብርቱ ስቴሮይድ ነው። ቆዳው ይሳሳል፣ ብጉር ይወጣል፤ ሲያቆሙት ፊት ያቃጥላል፤ ስለዚህ መልሰው ይቀቡታል።

ኪኒኑን ለሳምንታት የዋጠ ሰው በድንገት ማቆም የለበትም። ሆርሞኑ ከውጭ ሲመጣ ዕጢው ሥራውን ትቶ ያንቀላፋልና፣ አዲሰን የጻፈው ድካም ይመለሳል፤ የደም ግፊት ሊወርድ፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። ሐኪሙ መጠኑን በየጥቂቱ የሚቀንሰው ዕጢው እስኪነቃ ጊዜ ለመስጠት ነው፤ ይህም አንዳንዴ ወራት ይፈጃል።