የሁለት ጎረቤቶች አንድ ንብረት፤ ግብሩ የማን ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ዲላ ሲደርስ የሚያየው ቡናና እንሰት፣ ሰውና ጭነት ነው፤ ወሰን አያይም። ይሁንና የጌዴኦ ዞን በሰሜን ከሲዳማ፣ በቀረው አቅጣጫ ሁሉ ከኦሮሚያ ጋር የተዋሰነ ነው።

እንግዲህ፣ ውድ አንባቢ፣ ዲላና አንድ የጉጂ ወረዳ ገንዘብ አዋጥተው አንድ ቄራ ሠሩ እንበል። ቄራው የቆመው በአንደኛው ወሰን ውስጥ ነው። የቦታውንና የሕንፃውን ግብር ማን ይጠይቃል? ማንስ ይከፍላል?

ተማሪ ሳለሁ ይህን የመሰለ ጥያቄ ለፈተና ብቻ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 100 ክልሎችና የፌዴራሉ መንግሥት፣ ለትርፍ የቆመ ድርጅት ካልሆነ በቀር፣ አንዱ በሌላው ንብረት ላይ ግብር እንዳይጥል ይከለክላል። አንቀጽ 98 ደግሞ ፌዴራሉና ክልሎች በጋራ የሚያቋቁሙትን ድርጅት ግብር የጋራ ያደርገዋል። መልካም ሕግ ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ላይኞቹ ነው። ወረዳና ማዘጋጃ ቤት በስም አልተጠሩም። የወረዳ ንብረት የክልሉ ንብረት ነው ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ። ታዲያ የሁለቱ ድርሻ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሲደባለቅ፣ ግብር ሰብሳቢው የትኛው ግድግዳ የራሱ፣ የትኛው የጎረቤቱ መሆኑን በምን ይለያል?

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የንብረት ታክስ ዐዋጅ በጥር 2017 ዓ.ም. ጸድቋል፤ ስለዚህ በከተማ ያለ ቦታና ሕንፃ ሁሉ በግብር ዐይን መታየቱ አይቀርም።

ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የኒውዮርክ ከተማ የሚጠጣውን ውሃ የሚያመጣው ከሩቅ፣ ከካትስኪል ተራራዎች ነው፤ በዚያም ስላሉት ግድቦቹና መሬቱ ለአካባቢው ከተሞች የንብረት ግብር ይከፍላል። ባለ ሀብቱ መንግሥት ነው ተብሎ አልተማረም፤ መሬቱን የለቀቀው ትንሽ መንደርም ትምህርት ቤትና መንገድ አለውና። ይህን ሳነብ ነገሩ ፍትሐዊ መስሎ ታየኝ። በፈረንሳይ አገር ግን ሕዝብን የሚያገለግልና ገቢ የማያስገኝ የመንግሥት ሕንፃ ከግብር ነጻ ነው።

ለጌዴኦና ለጉጂ የሚስማማው የሁለቱ ድብልቅ ይመስለኛል። ከብት የሚታረድበት አዳራሽ አገልግሎት ነውና ከግብር ነጻ ይሁን፤ በዙሪያው የሚከራዩት ሱቆች ግን እንደ ማንኛውም ነጋዴ ይክፈሉ። ቦታውን የሰጠው ወገንም ስለ መንገዱና ስለ ጽዳቱ በየዓመቱ የተቆረጠ ገንዘብ ይቀበል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። በዚህ ወሰን ላይ «እነርሱ ይበሉናል» የሚል ወሬ በቀላሉ አይታይም፤ አንድ ያልታሰበበት የግብር ደረሰኝም ወሬውን ሊያስነሣ ይችላል።

ስለዚህ ውሉ ከመሠረት ድንጋዩ በፊት ይጻፍ፤ የሱቆቹን ኪራይ የሚሰበስበው ገንዘብ ያዥ ከየትኛው ወገን እንደሚሆን፣ ሒሳቡንም በስንት ወር አንድ ጊዜ ለሁለቱም ምክር ቤቶች እንደሚያቀርብ ጭምር።