ሳይኮሎጂ የተማረ ሰው ምን ይሠራል?

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለችው እህቴ «ሳይኮሎጂ መረጥኩ» ብላ ስትደውል አባየ «እሱ የእብድ ትምህርት አይደል? ገሳይ ላይ ማን ሊቀጥርሽ?» አላት።

ሳይኮሎጂ ሰው እንዴት እንደሚያስብ፣ እንደሚማርና ለምን እንደሚፈራ ያጠናል። መድኃኒት የሚያዘው ሳይካትሪስት ነው፤ እሱ መጀመሪያ ሕክምና ይማራል። ሳይኮሎጂስት ግን በንግግር ይረዳል። ዲግሪው 4 ዓመት ነው። የተመረቀ ሰው ትምህርት ቤት አማካሪ ይሆናል፣ ማረሚያ ቤት ወይም እርዳታ ድርጅት ይሠራል። ሆስፒታል ለማከም ወይም ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ማስተርስ ይጨመራል።

አንድ የማውቃት ልጅ እናቷ ከሞተች ወዲህ አታወራም ነበር። እኛ «ኮራች» አልናት። እህቴ ግን «ምክር አታብዢ፤ አጠገቧ ተቀመጪ፣ ስታወራ ስሚያት» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ስለ እናቷ ነገረችኝ። አባየ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ይኼማ ለገሳይም ያስፈልጋል» አለ።