ፍልስፍና በቡና ገበታ

ፍልስፍና ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን በመጻሕፍት ክምር መካከል የተቀመጠ አዛውንት ምሁር ነው። ይሁን እንጂ በፓሪስ ከተማ፣ በባስቲል አደባባይ በሚገኘው ካፌ ደ ፋር፣ ይህን አስተሳሰብ የለወጠ ልማድ እ.ኤ.አ. በ1992 ተጀመረ። ማርክ ሶቴ የተባለ የፍልስፍና መምህር እሑድ እሑድ ከወዳጆቹ ጋር በዚያ እየተገናኘ ይወያይ ነበር። ወሬውን የሰማው ሕዝብም እየተሰበሰበ ቡና ቤቱን ሞላው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የጠጡትን ቡና ሒሳብ ከመክፈል በቀር የመግቢያ ዋጋ የለም። ርእስ የሚያቀርቡት ተሰብሳቢዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ አንዱ ይመረጥና መሪው ተራ እየሰጠ ያወያያል። ማዕረግም ሆነ ዲፕሎማ አይጠየቅም። ሶቴ በ1998 ቢሞትም ልማዱ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቷል።

የእነዚህ ጉባኤዎች አርአያ የአቴናው ሶቅራጥስ ነው። ሶቅራጥስ ደግሞ ወታደር ነበር፤ በፖቲዴያ፣ በዴሊዮንና በአምፊፖሊስ በእግረኛነት ዘምቷል።

ደቀ መዝሙሩ ፕላቶ «ላኬስ» በተባለው ድርሰቱ እንደሚያሳየን፣ ሁለት አባቶች ልጆቻቸው የጦር መሣሪያ አያያዝ ቢማሩ ይበጃቸው እንደሆነ ላኬስንና ኒቂያስን፣ ሁለቱን የጦር አዛዦች፣ ያማክራሉ። ነገሩ ጀግንነት ምንድን ነው ወደሚል ጥያቄ ያመራል። ላኬስ፣ ጀግና ማለት ቦታውን ሳይለቅ ጠላቱን የሚመክት ነው ይላል። ሶቅራጥስም፣ እያፈገፈገ የሚዋጋውስ? በባሕር አደጋ፣ በበሽታና በድህነት የሚጸናውስ? ሲል ይጠይቃል። ውይይቱ ቁርጥ ያለ መልስ ሳያገኝ ይፈጸማል፤ አዛዦቹ ግን የልጆቹ አስተማሪ ሶቅራጥስ ይሁን ብለው ይመክራሉ።

እንግዲህ ባለቤቷ የዘመተባት፣ በወር ደመወዝ ልጆች የምታሳድግ እናት ከዚህ ጥያቄ ውጭ ናትን?

በሰልፍ ላይ ትእዛዝ ይፈጸማል እንጂ አይመረመርም። ይህ ልማድ ቤት ድረስ ተከትሎ ሲገባ ግን ባል አዛዥ፣ ሚስትና ልጆች ታዛዥ ብቻ ሆነው ይቀራሉ፤ የልባቸውንም ሳይናገሩ ዓመታት ያልፋሉ።

ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ ፓሪስ መሄድ ሳያስፈልግ ጉባኤው በየቤታችን ይዘርጋ። አቦሉ ሲቀዳ ጥያቄው ይነሣ። ቶናው ላይ ልጆችም ጭምር ሐሳባቸውን ይግለጹ። በረካው ላይ እያንዳንዱ የራሱን ትቶ ከጎኑ የተቀመጠው ያለውን ደግሞ ይናገር፤ ማን እንዳዳመጠ በዚያ ይታወቃል።